ያሸነፈ ቡድን፣ የተበላ ገንዘብ

ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ፤ ኤፕሪል 3 ቀን 2004። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ ነው፤ ዱክ እና ኮኔቲከት ተፋጠዋል። የኮኔቲከቱ ግዙፍ ልጅ፣ ከናይጄሪያውያን ወላጆች የተወለደው ኤሜካ ኦካፎር፣ ጨዋታው ሳይሞቅ ሁለት ጥፋት ተቆጥሮበት የመጀመሪያውን አጋማሽ ከሞላ ጎደል ወንበር ላይ ሆኖ ነው ያሳለፈው። ከእረፍት በኋላ ግን ገብቶ 18 ነጥብ አስቆጠረ። ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ሲቀር ዱክ 75 ለ67 ይመራ ነበር። ከዚያ በኋላ ኮኔቲከት በተከታታይ 12 ነጥብ አግብቶ 79 ለ75 አደረሰው። ነገሩ አበቃ። ሰዓቱ ሊዘጋ ሲል የዱኩ ክሪስ ዱሆን ከሩቅ አንዲት ኳስ ለቀቀ፤ ገባች። 79 ለ78።

ሜዳው ላይ ያቺ ቅርጫት ምንም አልቀየረችም። ኮኔቲከት አለፈ፤ በፍጻሜውም ጆርጂያ ቴክን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ላስ ቬጋስ ውስጥ ግን ሰው ራሱን ይዞ ጮኸ። አወራራጆቹ ኮኔቲከትን በ2 ነጥብ አብልጠውት ስለነበር፣ በኮኔቲከት ያስያዙት ሰዎች ኳሷ አየር ላይ እስከነበረችበት ቅጽበት ድረስ በአራት ነጥብ ልዩነት ገንዘባቸውን በኪሳቸው አስገብተው ነበር። ኳሷ ስታርፍ ተበሉ። በተሸነፈው በዱክ ያስያዙት ተከፈላቸው። በዚያች አንዲት ውርወራ ከእጅ ወደ እጅ የዞረው ገንዘብ በአሥር ሚሊዮኖች ዶላር እንደሚገመት በጊዜው ተጽፏል።

ያሸነፈውን ቡድን የመረጠ ሰው እንዴት ገንዘቡን ያጣል? የአሜሪካን የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ውርርድ ለመረዳት ከዚህ ጥያቄ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

በኮሌጆቹ ቅርጫት ኳስ አንደኛ ምድብ ከ360 በላይ ቡድኖች አሉ። ኬንታኪን የመሰለው በየጨዋታው 20 ሺህ ያህል ሰው ይሰበስባል፤ ሌላው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂምናዚየም የሚመስል አዳራሽ ውስጥ፣ ወላጅና የክፍል ጓደኛ ፊት ይጫወታል። እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ «ማን ያሸንፋል?» ብሎ የሚወራረድ ሰው አይገኝም፤ መልሱን ሁሉም ያውቀዋልና። ስለዚህ ጥያቄው ተቀየረ፤ «በስንት ያሸንፋል?» ሆነ። የነጥብ ልዩነት፣ አሜሪካኖቹ ስፕሬድ የሚሉት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቲኬት የሚቆርጡ ወጣቶች ደግሞ ሃንዲካፕ በሚል ስም የሚያውቁት ነገር የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ፈጠራው ብዙውን ጊዜ የሚነገርለት ቻርልስ ማክኒል የተባለ ሰው ነው። የሒሳብ አስተማሪ የነበረ፣ በ1940ዎቹ ቺካጎ ውስጥ አወራራጅ የሆነ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከቡድኑ ስም አጠገብ -7 ከተጻፈ ያ ቡድን እንደሚበልጥ የተገመተው ነው፤ ከመጨረሻ ውጤቱ ላይ ሰባት ይቀነስበታል። ተጋጣሚው +7 አለው፤ ሰባት ይጨመርለታል። -7 የያዘ ሰው የሚበላው ቡድኑ በስምንትና ከዚያ በላይ ካሸነፈ ነው። +7 የያዘው ደግሞ ቡድኑ ቢያሸንፍም፣ በስድስት ወይም ከዚያ ባነሰ ነጥብ ቢሸነፍም ይበላል። ልክ በሰባት ካለቀ ማንም ለማንም አይከፍልም፤ ያስያዘው ይመለስለታል። ይህን ለማስቀረት ነው ብዙ ጊዜ 7.5 ተብሎ ግማሽ የሚጨመረው። ግማሽ ነጥብ የሚያስቆጥር ተጫዋች የለምና አንዱ ወገን የግድ ይበላል። ጨዋታው በአቻ ውጤት ተጠናቆ ጭማሪ ሰዓት ቢሰጥ፣ የጭማሪውም ነጥብ ይቆጠራል። በሁለት ነጥብ ሲመራ ቆይቶ በመጨረሻዋ ሰከንድ አቻ የሆነ ቡድን፣ በጭማሪው በዘጠኝ አሸንፎ የሰውን ሁሉ ሒሳብ የሚያተራምስበት ምሽት አለ።

የቅርጫት ኳስ የመጨረሻ ደቂቃ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ትርምስ የተመቸ ነው። የሚመራው ቡድን ኳስ ይዞ ሰዓት እንዳያባክን ተጋጣሚው ሆን ብሎ ጥፋት ይሠራል፤ የተሠራበት ቅጣት ይመታል፤ ሁለት ነጥብ። እንደገና ጥፋት፣ እንደገና ቅጣት። አምስት የነበረው ልዩነት በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ዘጠኝ ይሆናል። አሸናፊው ታውቆ አድናቂው ወደ መኪናው በሚሄድበት ሰዓት፣ ተወራራጁ ገና ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው።

*

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። የማርች ወር ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የሐበሻ ካፌ ውስጥ ሁለት ቴሌቪዥን በአንድ ጊዜ ሁለት ጨዋታ ያሳያሉ። የኮሌጆቹ ሻምፒዮና የመጀመሪያ ሐሙስና ዓርብ እንዲህ ነው፤ በሁለት ቀን 32 ጨዋታ። ከአዲስ አበባ ከመጣ ብዙም ያልቆየ ወጣት ስልኩን ዘቅዝቆ ያያል፤ አጠገቡ ዕድሜያቸው የገፋ የታክሲ ሹፌር ማኪያቷቸውን ያማስላሉ።

«ጋሼ፣ ኦዱ የታለ? እዚህ ማይነስ 110 ነው የሚለው።»

«ኦዱ እሱ ነዋ።»

«እኛ ጋ እኮ 1.91 ብሎ ነው የሚጽፈው። ይሄ የባንክ ዕዳ ነው የሚመስለው!»

«ዕዳም አይደል?» ብለው ሳቁ። «መቶ ለመብላት መቶ አሥር ታስይዛለህ ማለት ነው። ሲበሉህ መቶ አሥሩ ነው የሚሄደው።»

ሽማግሌው በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። እኔ ትንሽ ላብራራው። ኦድ የሚባለው የክፍያ ምጣኔው ነው፤ በአሜሪካ አጻጻፍ መለኪያው 100 ዶላር ነው። የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥር፣ መቶ ለማትረፍ ስንት ማስያዝ እንዳለብህ ይነግርሃል፤ የመደመር ምልክት ያለው ደግሞ መቶ ብታስይዝ ስንት እንደምታተርፍ። -150 ላይ 150 አስይዘህ 100 ታተርፋለህ። +130 ላይ 100 አስይዘህ 130 ታተርፋለህ። መቶ ዶላር ማስያዝ ግዴታ አይደለም፤ አሥርም ሆነ አምስት ዶላር በዚያው ምጣኔ ይሰላል።

አዲስ አበባ በለመድነው አጻጻፍ -150 ማለት 1.67 ነው፤ +130 ደግሞ 2.30። ልዩነቱ የኛው ቁጥር ያስያዝከውን ገንዘብ ጭምር መያዙ ነው። 2.30 ሲባል መቶው ተመልሶ 130 ትርፍ ተጨምሮበት በጠቅላላው 230 ማለት ነው፤ የአሜሪካው +130 የሚነግርህ ትርፉን ብቻ ነው። ከእግር ኳስ ቤቲንግ ወደ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የተሻገረ ሐበሻ መጀመሪያ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ይህን ከለየ ግን አገር ቤት የለመደው ሒሳብ አይከዳውም።

ቀጥሎ ያለው ስሌት ብዙ ጀማሪ የሚዘልለው ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። እያንዳንዱ ኦድ ውስጥ የተደበቀ የመቶኛ ቁጥር አለ። -110 ከሆነ 110ን ለ210 አካፍል፤ 52.4 በመቶ። ትርጉሙ፦ በዚህ ዋጋ ሳትከስር ለመቀጠል ብቻ ከመቶ ጨዋታ ከ52 በላይ መብላት አለብህ። ሳንቲም ወርውሮ የሚመርጥ ሰው ሃምሳውን ይበላል፤ ሃምሳ የበላ ሰው ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ኪሱ ባዶ ነው።

የቀረችው ሁለት ነጥብ ምናምን የት ሄደች? በሁለቱም በኩል ያለው ዋጋ -110 ነው፤ ሁለቱን 52.4 ብንደምር 104.8 ይመጣል። አንድ ጨዋታ ግን ከመቶ በላይ ዕድል ሊኖረው አይችልም። ከመቶ የተረፈው የአወራራጁ ነው። ቤት ሲሸጥ ከሻጭም ከገዢም ኮሚሽን እንደሚቀበል ደላላ፣ አወራራጁም ከሁለቱም ወገን ላይ ይቆርጣል፤ የሚለየው ተቀንሶ ሲሄድ አለመታየቱ ነው። ደረሰኝ ላይ አይጻፍም፤ ኦዱ ውስጥ ተፈጭቶ ገብቷል። አንዱ መቶ አሥር፣ ሌላው መቶ አሥር አስይዘው አንዱ ቢበላ፣ አወራራጁ ከሰበሰበው 220 ውስጥ 210 ከፍሎ አሥር ዶላር ይዞ ይቀራል።

ስለዚህም አወራራጅ ሁሌ ሁለቱን ወገን እኩል ለማድረግ ይጥራል ይባላል። ከፊል እውነት ነው። ባለሙያ ተወራራጆች የሚያስይዙበትን ወገን ከለየ፣ ሚዛኑ ቢዛባም ዋጋውን ወደ እነሱ አስተያየት ያስጠጋል እንጂ በሕዝቡ ብዛት ብቻ አይነዳም። ሂደቱ ከገበያ ጋር አንድ ነው። ጥቂት ትልልቅ አወራራጆች በጨዋታው ዋዜማ የመክፈቻ ቁጥር ያወጣሉ፤ መጀመሪያ ላይ ብዙ ገንዘብ አይቀበሉም። ባለሙያዎቹ ቁጥሩ ስሕተት ሲመስላቸው ይረባረቡበታል፤ -5 የነበረው -6.5 ይሆናል። ሌሎቹ አወራራጆች ያንን ይገለብጣሉ። ጀማሪው ሥራ ውሎ፣ ራት በልቶ፣ ስልኩን ሲከፍት የሚያገኘው ሌሎች ሲከራከሩበት የዋሉበትን ዋጋ ነው። «ይሄ ቡድን እኮ ጎበዝ ነው» የሚለው ዕውቀቱ ከማለዳው ዋጋው ውስጥ ገብቷል።

*

ማርች 16 ቀን 2018፣ ሻርሎት፣ ሰሜን ካሮላይና። ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ 31 ጊዜ አሸንፎ ሁለቴ ብቻ ተሸንፎ ነው የመጣው፤ ከ68ቱ ተጋባዥ ቡድኖች ሁሉ አንደኛ ተብሎ። ተጋጣሚው በቼዝ ቡድኑ የበለጠ የሚታወቅ፣ ዩኤምቢሲ በሚል አጭር ስም የሚጠራው፣ ባልቲሞር አጠገብ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ነው። በውድድሩ ቡድኖች በየምድባቸው ከ1ኛ እስከ 16ኛ ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ አንደኛ የተባለው የመጀመሪያ ጨዋታውን ከ16ኛው ጋር ያደርጋል፤ እስከዚያ ምሽት ድረስ እንዲህ ያሉት ጨዋታዎች 135 ጊዜ ተደርገው 135 ጊዜ አንደኛው አሸንፏል። ስፕሬዱ 20.5 ነበር።

እረፍት ላይ 21 ለ21። ከእረፍት በኋላ ዩኤምቢሲ 53 ነጥብ ቆለለ፤ ጄይረስ ላይልስ ብቻውን በጨዋታው 28 አገባ። 74 ለ54።

በማግስቱ ሰው ሁሉ «የማይሆነው ሆነ» አለ። ከዋጋ አንጻር ካየነው ግን ያን ያህል ተአምር አልነበረም። አንደኛ የተመደበው ቡድን በእያንዳንዱ ጨዋታ 99 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ቢኖረው እንኳ፣ 135 ጊዜ አንዴም ሳይደናቀፍ የመዝለቅ ዕድሉ ሲሰላ 26 በመቶ ገደማ ነው የሚመጣው። ሊያስገርም የሚገባው እስከ 2018 መቆየቱ ነበር። ደግሞም ቨርጂኒያ ዋና ተተኪውን ዲአንድሬ ሃንተርን በውድድሩ ዋዜማ በእጅ አንጓ ስብራት አጥቶ ነበር። አጨዋወቱም ዝግ ያለ ነው፤ በአንድ ጨዋታ የሚያገኘው የኳስ ዕድል ጥቂት ነው። ዕድሉ ባነሰ ቁጥር ደካማው ቡድን በአጋጣሚ የመብለጥ ተስፋው ይጨምራል።

ልዩነቱን ትቶ በቀጥታ አሸናፊውን መምረጥ የሚፈልግ ሰው የሚያየው ቁጥር መኒላይን ይባላል። እንደ ቨርጂኒያ ባለ ቡድን ላይ -2000 እና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ሺህ አስይዞ መቶ ማትረፍ። ጀማሪው «የተረጋገጠ ገንዘብ ነው» ይላል። -2000 ግን የሚጠይቀው ከመቶ ከ95 ጊዜ በላይ ማሸነፍ ነው፤ አንድ ቀን ሲሰናከል ሃያ ቀን የተለቀመውን ይዞ ይሄዳል። በሌላው ወገን ያለው +1200 ደግሞ ዓይን ይስባል፤ ግን 7.7 በመቶ ዕድል ያለው ቡድን ካልሆነ ያ ዋጋ ውድ ነው። ትልቅ ክፍያ ያለው ሁሉ ርካሽ አይደለም። ነጥብ ልዩነቱና መኒላይኑ አንድ ነገር በሁለት ቋንቋ እንደሚናገሩም ልብ በሉ፤ በሰባት ነጥብ የተበለጠ ቡድን ከአራት አንዴ ገደማ ጨዋታውን ራሱ ያሸንፋል።

አምስት ዓመት ቆይቶ፣ ማርች 17 ቀን 2023 ኮሎምበስ ኦሃዮ ላይ፣ ነገሩ ተደገመ። ኒው ጀርሲ ውስጥ ያለው ፌርሌይ ዲኪንሰን በቁመት አማካይ ከአንደኛ ምድብ ቡድኖች ሁሉ አጭሩ ነበር፤ ተጋጣሚው ፐርዱ 2 ሜትር ከ24 የሚረዝመው ዛክ ኢዲ ነበረው። ፌርሌይ ዲኪንሰን የራሱን ሊግ የማጠናቀቂያ ውድድር እንኳ አላሸነፈም፤ ያሸነፈው ሜሪማክ ወደ አንደኛ ምድብ በሽግግር ላይ ስለነበር አይፈቀድለትም ተብሎ ዕድሉ ለፌርሌይ ዲኪንሰን ደረሰው። ስፕሬዱ 23 ተኩል ገደማ፤ ውጤቱ 63 ለ58፣ ለአጫጭሮቹ። በውድድሩ ታሪክ በነጥብ ልዩነት ግምት ትልቁ መገልበጥ ነው።

ስለ ጠቅላላ ነጥብ፣ ማለትም ኦቨርና አንደር፣ ብዙ አልልም፤ የእግር ኳስ ተወራራጅ ያውቀዋል። የሁለቱ ቡድኖች ነጥብ ተደምሮ ለምሳሌ ከ142.5 ይበልጣል ወይስ ያንሳል ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ የጎል ብዛትን የሚወስነው አጥቂው ነው ብሎ የለመደ ሰው እዚህ ፍጥነቱን ማየት አለበት። እያንዳንዱ ቡድን 68 ጊዜ ኳስ ቢይዝና በአንዱ በአማካይ 1.05 ነጥብ ቢያገኝ ድምሩ 143 ገደማ ይሆናል። እዚያው ችሎታ ላይ ሆነው 62 ጊዜ ብቻ ቢይዙ 130። ማንም አልደከመ፣ ማንም አልሳተ፤ ጨዋታው ብቻ ቀዘቀዘ። ኬን ፖመሮይ የተባለው የቀድሞ የአየር ጠባይ ባለሙያ ስሙን ያስጠራው ቡድኖችን በጨዋታ ሳይሆን በመቶ የኳስ ዕድል ስንት እንደሚያገቡና እንደሚገባባቸው በመለካት ነው፤ ዛሬ ይህን ሳያይ ቁጥር የሚያወጣ አወራራጅ ያለ አይመስለኝም።

ብዙ ጨዋታ በአንድ ቲኬት አጣምሮ ማስያዝ ላይ፣ ማለትም ፓርሌይ ላይ፣ ግን ልቆይ፤ ምክንያቱም የኛ ልጆች የሚቃጠሉት እዚህ ነው። አገር ቤት አንድ ቲኬት ላይ አሥር አሥራ አምስት ጨዋታ መደርደር ልማድ ነው፤ «አንዷ አቃጠለችኝ» የማይል ተወራራጅ አላጋጠመኝም። የአሜሪካ አወራራጆችም በየማስታወቂያቸው የሚያቆላምጡት ፓርሌይን ነው። በአራት ጨዋታ እንየው። እያንዳንዱ ሃምሳ ለሃምሳ ከሆነ አራቱም የመግባታቸው ዕድል ከ16 አንድ ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛ ክፍያው አሥር ዶላር አስይዞ 160 መቀበል ነበር። አራት የ-110 ዋጋዎች ሲባዙ ግን 13.28 ነው የሚመጣው፤ 133 ዶላር። በአንድ ጨዋታ ከአምስት በመቶ ያነሰው የአወራራጁ ድርሻ በአራት ጨዋታ 17 በመቶ ሆነ። ጨዋታ በጨመርክ ቁጥር ኮሚሽኑም አብሮ ይባዛል። ሰው የሚያየው የሚያድገውን ክፍያ ነው፤ አብሮ የሚያድገውን ቅናሽ አያይም። «አንዷ አቃጠለችኝ» የሚለው ሰው ዕድል እንደጎደለው ያስባል፤ የጎደለው ግን ቲኬቱን ሲቆርጥ ነው።

ዋጋን እንደ ዋጋ ማየት ከጀመርክ አንድ ተራ ልማድ ራሱ ይመጣል፤ ማወዳደር። በአንዱ አወራራጅ -7 የሆነው በሌላው -6.5 ይሆናል፤ አንዱ -110 ሲል ሌላው -105 ይላል። -105 ላይ ላለመክሰር የሚያስፈልገው 51.2 በመቶ ነው። መርካቶ ሦስት ሱቅ ሳይጠይቅ ጫማ የማይገዛ ሰው፣ ስልኩ ላይ የመጀመሪያውን ቁጥር ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀበል ማየት ይገርመኛል።

*

ስፕሬድ ከመጣ ወዲህ አንድ ክፉ ነገርም አብሮ መጣ። ጨዋታ ለመሸጥ ተጫዋቹ የግድ መሸነፍ የለበትም፤ በአሥር ማሸነፍ የሚችለውን በአራት ቢያሸንፍ ይበቃል። ቡድኑ አሸነፈ፣ አሰልጣኙ ተደሰተ፣ ተማሪው ጨፈረ፤ የሸጠው ልጅ ደግሞ ኪሱን ሞላ። የኒው ዮርኩ ሲቲ ኮሌጅ በ1950 በአንድ ዓመት ሁለቱን ታላላቅ ዋንጫዎች የወሰደ ቡድን ነበር፤ በ1951 የማንሃተን ዓቃቤ ሕግ ፍራንክ ሆጋን ተጫዋቾቹን ነጥብ በመቀነስ ከሰሳቸው፤ ምርመራው ወደ ሌሎች ኮሌጆችም ተዛመተ። በ1978 እና 79 የውድድር ዘመን ደግሞ የቦስተን ኮሌጅ ተጫዋቾች ተመሳሳይ ሥራ ውስጥ ገቡ፤ ከጀርባው ከነበሩት አንዱ ሄንሪ ሂል ነው፣ ሕይወቱ በ1990 «ጉድፌላስ» በተባለው ፊልም የታየው።

በዚያ ዘመን ሕጋዊ ውርርድ ያለበት ኔቫዳ ብቻ ነበር ለማለት ይቻላል። በ1992 የወጣ የፌዴራል ሕግ ይህንኑ አጸናው። ሜይ 14 ቀን 2018፣ ዩኤምቢሲ ቨርጂኒያን ካሸነፈ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ሻረው፤ ጉዳዩን ያነሳችው ኒው ጀርሲ ስትሆን ከተከራካሪዎቿ አንዱ የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል ኤንሲኤኤ ነበር። አሁን ከ35 የሚበልጡ ግዛቶች ፈቅደዋል። ውርርዱ ከቬጋስ አዳራሽ ወጥቶ ተማሪው መኝታ ክፍል ውስጥ፣ ከተጫዋቹ አልጋ ማዶ ባለው ስልክ ላይ ገባ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው በአንድ ተጫዋች ላይ የሚደረገው ነው፤ እገሌ ከ14.5 ነጥብ በላይ ያገባል ወይስ አያገባም። ቡድን ለመሸጥ ብዙ ሰው ማግባባት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ግን የአንድ የ19 ዓመት ልጅ «ቁርጭምጭሚቴን አመመኝ» ማለት ይበቃል። ደግሞ ያልሸጠውም አያመልጥም፤ በግማሽ ነጥብ የተበላ ሰው የልጁን የግል ገጽ ፈልጎ ስድብና ማስፈራሪያ ይልካል። የኤንሲኤኤ ፕሬዚዳንት ቻርሊ ቤከር በማርች 2024 ይህ ዓይነቱ ውርርድ በኮሌጅ ተጫዋቾች ላይ በመላ አገሪቱ እንዲቀር ጠየቁ። ሜሪላንድ፣ ኦሃዮ፣ ቬርሞንትና ሉዊዚያና በዚያው ዓመት ከለከሉ። ቨርጂኒያ ከመጀመሪያውም አልፈቀደችም።

የቨርጂኒያ ሕግ ሌላም ክልከላ አለው፤ እኛ ሐበሾች በብዛት በምንኖርበት በፌርፋክስ አካባቢ ያለውን ሰው በቀጥታ የሚነካ። በ2006 ፌርፋክስ ውስጥ ያለው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ፣ በምድቡ 11ኛ ተብሎ ገብቶ፣ ሚሺጋን ስቴትን፣ ሰሜን ካሮላይናንና ዊቺታ ስቴትን ተራ በተራ ካሰናበተ በኋላ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ቻይናታውን ባለው አዳራሽ ኮኔቲከትን በጭማሪ ሰዓት 86 ለ84 አሸንፎ ከመጨረሻዎቹ አራት አንዱ ሆነ። በግማሽ ፍጻሜው በፍሎሪዳ ተሸነፈ። ያንን የመሰለ ጉዞ ጆርጅ ሜሰን ዛሬ ቢጀምር፣ አሌክሳንድሪያ ካፌ ውስጥ የተቀመጠው ወጣት ስልኩ ላይ በእሱ ጨዋታ ማስያዝ አይችልም። ከ2021 ጀምሮ ቨርጂኒያ ውስጥ በስልክ መወራረድ ቢቻልም፣ በግዛቲቱ ኮሌጆች ጨዋታ ላይ ማስያዝ ሕገ ወጥ ነው። ስልኩ ያለበትን ቦታ ስለሚያውቅ ጨዋታውን ከዝርዝሩ ያወጣዋል። የውድሮ ዊልሰንን ድልድይ ተሻግሮ ሜሪላንድ ሲገባ ያው ስልክ ያንኑ ጨዋታ ከነስፕሬዱ ያቀርብለታል፤ በአንድ ተጫዋች ነጥብ ላይ የሚደረገውን ውርርድ ግን እዚያም አያገኝም። ዕድሜው 21 ከሞላ ማለት ነው፤ ካልሞላ ከድልድዩ በሁለቱም በኩል አይፈቀድለትም።